አንድ ዓይን ያለው
(ከሕፃንነት የዓይን ካንሰር ድኖ ሙሉ ሕይወት ስለ መኖር)

1. መግቢያ

«አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይላል የአገራችን ተረት። ይህ ተረት ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ዓይን አይደለም፤ አንድ ልጅ ወይም አንዲት ላም ብቻ ያለችው ሰው ያለችውን እንዲጠብቅ ለመምከር ነው። ዳሩ ግን በእውነት አንድ ዓይን ብቻ ይዘው የሚያድጉ ልጆች አሉ። ከእነዚህም ጥቂቶቹ ሌላውን ዓይናቸውን ያጡት በጨዋታ አደጋ ወይም በኩፍኝ ሳይሆን፥ ሬቲኖብላስቶማ በሚባል በሕፃንነት በሚነሣ የዓይን ካንሰር ምክንያት ነው።

ስለዚህ በሽታ ከተጻፈው የሚበዛው ሕፃኑን ከሞት ስለ ማዳን ነው፤ ይህም ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ነገር ነው። ሕክምናው የሚፈጀው ጥቂት ወራት ወይም ጥቂት ዓመታት ሲሆን፥ የዳነው ልጅ የሚጠብቀው ዕድሜ ግን ስድሳና ሰባ ዓመት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሁሉ ዘመን ይማራል፤ ሥራ ይይዛል፤ ያገባል፤ ልጅ ይወልዳል። ታዲያ ይህን ሁሉ ሙሉ ሆኖ ለመኖር ምን ያስፈልገዋል?

አሳባችንን አስቀድመን በአጭሩ ብንገልጸው እንዲህ ነው፦ የዳነ ልጅ ሙሉ ሕይወት የሚያገኘው ያለፈውን በመርሳት ወይም በመደበቅ ሳይሆን፥ ስለ ራሱ በሽታ በሚገባ በማወቅ ነው። ዕውቀቱ ከሐኪሙ መድኃኒት ቀጥሎ የሚሰጠው ሁለተኛ መድኃኒት ነው። ይህን ለማስረዳት የበሽታውን ጠባይ፥ የሕክምናውን ታሪክና የዳኑትን ሰዎች ኑሮ በየተራ እንመለከታለን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

2. በሽታው ምንድን ነው?

ሰውነታችን በዓይን ከማይታዩ ጥቃቅን ሕዋሳት የተሠራ ነው። እነዚህ ሕዋሳት በልክ ይባዛሉ፤ ጊዜያቸውም ሲደርስ መባዛታቸውን ያቆማሉ። አንዱ ሕዋስ ልጓሙን በጥሶ ያለ ልክ የተባዛ እንደ ሆነ ካንሰር ይባላል። በአገራችን ነቀርሳ ብለን የምንጠራውም ይኸው ነው፤ የሳንባ ነቀርሳ ከሚባለው ተላላፊ በሽታ ጋር ግን ከስሙ በቀር ዝምድና የለውም።

ሬቲና የሚባለው በዓይናችን ኳስ ውስጥ ከኋላ በኩል የተነጠፈ ብርሃን ተቀባይ የሆነ ስስ ሽፋን ነው። የሬቲና ሕዋሳት የሚባዙት ልጁ በማኅፀን ሳለና ከተወለደም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ሬቲኖብላስቶማም የሚነሣው ከእነዚሁ ገና በማደግ ላይ ካሉት ሕዋሳት ስለ ሆነ፥ የሕፃናት በሽታ ነው። ከመቶ ታማሚዎች 95 ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይታወቃሉ። በሽታው ከ15,000 እስከ 20,000 ከሚደርሱ ሕፃናት አንዱን ያገኛል። በዓለም ላይ በየዓመቱ 8,000 ያህል ሕፃናት እንደሚታመሙ ይገመታል። በየዓመቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሕፃናት በሚወለዱባት በአገራችን፥ በዚህ ስሌት ብናሰላ፥ በዓመት ቢያንስ 150 ሕፃናት ይሆናሉ ማለት ነው። በሽታው ብርቅ ነው ቢባልም የለም አይባልም።

ምልክቱ ለማየት አስቸጋሪ አይደለም። ጥቁር መሆን የሚገባው የዓይን ብሌን ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ድመት ዓይን ነጭ ሆኖ ያበራል። ዛሬ ብዙ ወላጆች ይህን የሚያዩት በስልካቸው ፎቶግራፍ ሲያነሡ ነው፤ አንዱ ዓይን ቀይ ወይም ጥቁር ሆኖ ሲወጣ ሌላው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው ምልክት ቀድሞ ያልነበረ ሸውራራነት ነው። እርግጥ ነው፥ ነጭ ብሌን በሌላም ምክንያት፥ ለምሳሌ በዓይን ሞራ፥ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለይቶ የሚያውቀው ግን የዓይን ሐኪም እንጂ ጎረቤት አይደለም። በሽታው በመጀመሪያ ላይ አያምም። ልጁ ይጫወታል፤ ይበላል፤ ያድጋል። ወላጆች «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው የሚዘገዩበትም ምክንያት ይኸው ነው።

3. ሁለቱ ዘበኞች

በሽታው ከየት ይመጣል? እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ያየችው፥ የበላችው ወይም የሠራችው ነገር ነው የሚሉ አሉ፤ የሰው ዓይን ነው የሚሉም አይታጡም። ለዚህ ጥያቄ ግልጥ መልስ የሰጠው አሜሪካዊው ሐኪም አልፍሬድ ክኑድሰን ነው። ይህ ሰው በ1971 ዓ.ም. ባሳተመው ጥናት የ48 ሕፃናትን የሕመም ታሪክ መርምሮ፥ ሁለቱም ዓይኖቻቸው የታመሙት ልጆች አንድ ዓይናቸው ብቻ ከታመመው ይልቅ በለጋነታቸው እንደሚታመሙ አስተዋለ። ከዚህም ተነሥቶ በሽታው እንዲነሣ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሁለት ጉዳቶች መድረስ አለባቸው አለ።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። እያንዳንዱ ሕዋስ ሁለት ዘበኞች የቆሙበት ግቢ ነው እንበል። አንዱን ዘበኛ ያቆመው አባት ነው፤ ሁለተኛውን ያቆመችው እናት ናት። የዘበኞቹ ሥራ ሕዋሱ ያለ ልክ እንዳይባዛ መጠበቅ ነው። አንዱ ዘበኛ ቢወድቅ ሁለተኛው ስላለ ግቢው አይደፈርም። ሁለቱም በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከወደቁ ግን ካንሰር ይነሣል። በጤናማ ሁለት ዘበኞች የተወለደ ልጅ ይህ የሚደርስበት በጣም አልፎ አልፎ፥ ያውም በአንድ ዓይኑ ብቻ ነው። ሌላው ልጅ ግን ገና ሲፀነስ ጀምሮ በሰውነቱ ሕዋሳት ሁሉ አንዱ ዘበኛ የጎደለው ነው። ለእርሱ የቀረው አንድ ጉዳት ብቻ ስለ ሆነ በሽታው በጊዜ ይነሣበታል፤ ብዙውን ጊዜም በሁለቱም ዓይኖቹ ይመጣል።

በ1986 ዓ.ም. ተመራማሪዎች ይህን ዘበኛ በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ አገኙት፤ አርቢ አንድ የሚባለው ጂን ነው። ሰው ካንሰርን እንዲከለክሉ ከተሰጡት ጂኖች መካከል በመጀመሪያ ተለይቶ የታወቀው ይህ ነው። ስለዚህ የእነዚህ ጥቂት ሕፃናት ሕመም ስለ ካንሰር በጠቅላላው ያለንን ዕውቀት የከፈተ ቁልፍ ሆኗል ማለት ይቻላል።

ከታመሙት መካከል ከመቶ 40 ያህሉ የዘር ጉዳት ያለባቸው ናቸው። ከእነዚህም የሚበዙት ከቤተሰባቸው የመጀመሪያዎቹ ታማሚዎች ናቸው፤ ጉዳቱ ያለ ማንም ጥፋት በእነርሱ ላይ ይጀምራል። እንግዲህ እናትን መውቀስ ዕውቀት የማይደግፈው ነገር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

4. ሕይወት፥ ዓይን፥ እይታ

በ1809 ዓ.ም. ጄምስ ዋርድሮፕ የተባለ የስኮትላንድ ሐኪም በዚህ በሽታ የተያዘውን ዓይን በጊዜ ማውጣት ሕፃኑን ሊያድን እንደሚችል ጻፈ። ይህን ያለው የሚያደነዝዝ መድኃኒት ገና ባልታወቀበት ዘመን ነው፤ በኤተር አደንዝዞ መቅደድ በሕዝብ ፊት የታየው በ1846 ነው። የዓይንን ውስጥ አብርቶ የሚያሳየውንም መሣሪያ ጀርመናዊው ሄልምሆልትስ የሠራው በ1851 ነው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ምክንያት ሐኪሞች በሽታውን ቀድመው ለማየትና ዓይኑን ያለ ሥቃይ ለማውጣት ቻሉ።

ዛሬ ሐኪሞች የሚከተሉት ቅደም ተከተል ሦስት ቃላት አሉት፦ ሕይወት፥ ዓይን፥ እይታ። በመጀመሪያ የልጁን ሕይወት ያድናሉ፤ ቀጥሎ የሚቻል ከሆነ ዓይኑን፤ በመጨረሻም እይታውን። ዕጢው ትንሽ ከሆነ በሌዘር ብርሃን ወይም በብርድ ይቃጠላል። ኬሞቴራፒ የሚባለው መድኃኒትም በደም ሥር ወይም በቀጭን ቱቦ ወደ ዓይን ደም ሥር ገብቶ ይሰጣል። ዕጢው ዓይኑን ከሞላው ግን የሚሻለው ዓይኑን ማውጣት ነው። ለወላጅ ከዚህ የከበደ ፍርድ የለም። «ልጄን ዓይኑን አታውጡብኝ» ብሎ ልጁን ይዞ መመለስ ከፍቅር የሚመጣ ነገር ነው። ነገር ግን ዕጢው በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ወይም በደም ወደ አጥንት ካለፈ በኋላ ሐኪሙ የሚያደርገው ጥቂት ነው። ብዙውን ጊዜ ያ ዓይን ማየቱን አስቀድሞ አጥቷል፤ ስለዚህ ወላጆች የሚመርጡት በዓይንና በዕውርነት መካከል ሳይሆን፥ በማያይ ዓይንና በልጃቸው ሕይወት መካከል ነው።

የጊዜ ነገር ምን ያህል እንደሚከብድ አንድ ትልቅ ጥናት ያሳያል። በ2017 ዓ.ም. በ153 አገሮች በሽታው የተገኘባቸው 4,351 ሕፃናት ተመዝግበው ነበር። በሀብታም አገሮች በሽታው የታወቀው የሕፃናቱ መካከለኛ ዕድሜ 14 ወር ሲሆን ነው፤ በድኾች አገሮች ግን 30 ወር ተኩል ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ከመቶ ሕፃናት ከሁለት በማይበልጡት ብቻ በሽታው ከዓይን አልፎ ሲገኝ፥ በድኾቹ አገሮች ከመቶ 49 ያህሉ ላይ አልፎ ተገኝቷል። በሽታው አንድ ነው፤ የሚለየው የመድረሻው ጊዜ ነው። በጊዜ በሚደረስባቸው አገሮች ከመቶ ከ95 በላይ የሆኑት ሕፃናት ይድናሉ።

የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ዓ.ም. ባወጣው የሕፃናት ካንሰር ዕቅድ፥ በተለይ ከሚከታተላቸው ስድስት ካንሰሮች ሬቲኖብላስቶማን አንዱ አድርጎ፥ በ2030 በዓለም ላይ በካንሰር ከሚታመሙ ልጆች ቢያንስ ከመቶ 60ዎቹ እንዲድኑ ወስኗል። በአገራችንም የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍልና የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሕፃናት ካንሰር ክፍል እንደነዚህ ያሉትን ልጆች ይቀበላሉ። እንግዲህ የሚድኑት ልጆች ቊጥር እያደገ መሄዱ ተስፋ የሚደረግ ነው። ከዳኑ በኋላ ስለሚሆኑት ነገር ማሰብ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

5. በአንድ ዓይን ማደግ

ሁለት ዓይን ያለው ሰው የነገሮችን ርቀት የሚለካው ሁለቱ ዓይኖች የሚያዩትን ጥቂት የተለያየ ሥዕል አንጎሉ አጣምሮ ነው። አንድ ዓይን ያለው ይህን ያጣል፤ ነገር ግን ርቀትን ፈጽሞ አያጣም። ራሱን ወደ ቀኝና ወደ ግራ ሲያወዛውዝ የቅርቡ ነገር ብዙ፥ የሩቁ ነገር ጥቂት ሲንቀሳቀስ ያያል፤ ትልቅነትና ጥላም ይረዱታል። በሕፃንነቱ ዓይኑን ያጣ ልጅ ይህን ሁሉ ሳያስበው ይለምዳል። ቡና ከጀበና ወደ ሲኒ ለመቅዳት የተቸገረች ልጅ የጀበናውን አፍ ከሲኒው ከንፈር አስነክታ መቅዳትን ብትማር ችግሯ ያበቃል። በትምህርት ቤትም ቀኝ ዓይኑን ያጣ ልጅ በክፍሉ በቀኝ በኩል ቢቀመጥ፥ ሰሌዳውና ጓደኞቹ ሁሉ በሚያይበት በግራ ዓይኑ በኩል ይሆኑለታል። ይህ ለመምህሩ ምንም የማያስወጣ፥ ለልጁ ግን ትልቅ የሆነ ርዳታ ነው።

በወጣው ዓይን ቦታ የሚገባው ሰው ሠራሽ ዓይን ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከመስተዋት ሳይሆን ከፕላስቲክ ነው። የልጅ ፊት እያደገ ስለሚሄድ ዓይኑ በየጊዜው መለወጥ አለበት፤ አለዚያ ጉድጓዱ ከሌላው ወገን እኩል አያድግም። ብዙዎች ይህን ለመልክ ብቻ የሚደረግ ቅንጦት አድርገው ያዩታል። ዳሩ ግን ልጁ በሰፈርና በትምህርት ቤት «አንድ ዓይና» ተብሎ ሲጠራ የሚጎዳው መልኩ ብቻ አይደለም፤ እጁን አንሥቶ ለመመለስ ያለውም ድፍረት ነው።

ስለ ቀረው ዓይን ግን ተረታችን ሙሉ በሙሉ ልክ ነው። አንዱ ዓይን ሊጠበቅ ይገባል። ማየት የማያስቸግራቸው እንኳ ቢሆኑ፥ ሐኪሞች አንድ ዓይን ያላቸው ልጆች ከማይሰበር ፖሊካርቦኔት የተሠራ መነጽር እንዲያደርጉ የሚመክሩት ስለዚህ ነው። ድንጋይና ዱላ ከሚወራወሩበት ጨዋታ ይከለከሉ። ይሁን እንጂ ተረቱ «በአፈር አይጫወትም» አለ እንጂ «አይጫወትም» አላለም። ልጁን ከሩጫ፥ ከኳስ፥ ከጓደኛ ለይቶ እቤት የሚያስቀምጥ ወላጅ ዓይኑን ሲጠብቅ ልጅነቱን ይቀብርበታል።

6. ሁለት ምሳሌዎች

አንዳንድ ሰዎች «በዚህ ሁኔታ ያደገ ሰው ምን ሊሠራ ይችላል?» ብለው ይጠይቁ ይሆናል። ሁለት ሰዎችን በምስክርነት እንጥራ።

የመጀመሪያው በ1927 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የተወለደው ተዋናይ ፒተር ፎክ ነው። ቀኝ ዓይኑ በሬቲኖብላስቶማ ምክንያት የወጣው የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ነው። ከዚያ በኋላ በሰው ሠራሽ ዓይን አደገ፤ ኳስም ተጫወተ። ራሱ እንደ ተናገረው፥ በትምህርት ቤት የቤዝቦል ጨዋታ ላይ ዳኛው ያለ አግባብ ከጨዋታ ውጭ ባደረገው ጊዜ፥ ሰው ሠራሽ ዓይኑን አውጥቶ ለዳኛው ዘረጋለት። የጦር ኀይል በዓይኑ ምክንያት ባይቀበለው በንግድ መርከብ ላይ ወጥ ቤት ሆኖ ሠራ። በ1953 ዓ.ም. በሲራክዩስ ዩኒቨርሲቲ በሕዝብ አስተዳደር የማስተርስ ዲግሪ ተቀብሎ በኮኔቲከት አገረ ገዢ ግዛት የበጀት መሥሪያ ቤት ሲሠራ ከቆየ በኋላ ወደ ቴአትር ዞረ። አንድ የፊልም ኩባንያ በዓይኑ ምክንያት እንዳልተቀበለው ይነገራል። ሆኖም ከ1968 እስከ 2003 ድረስ ኮሎምቦ የተባለውን መርማሪ ፖሊስ ሆኖ በመጫወት በዓለም ታወቀ፤ ያ የጠበበ የሚመስል አስተያየቱም የመርማሪው መታወቂያ ሆነ። የሞተው በ2011 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ነው።

ሁለተኛው በ1966 ዓ.ም. በካሊፎርንያ የተወለደው ዳንኤል ኪሽ ነው። የእርሱ ነገር ይከብዳል፤ በሽታው በሁለቱም ዓይኖቹ ስለ ነበረ አንደኛው በሰባት ወሩ፥ ሁለተኛው በ13 ወሩ ወጣ። ወላጆቹ ግን አልደበቁትም፤ እንዲወጣ፥ እንዲሮጥ፥ እንዲወድቅም ተዉት። ልጁ ምላሱን እየጠቀጠቀ ድምፁ ከግድግዳና ከዛፍ ሲመለስ በማዳመጥ፥ እንደ ሌሊት ወፍ፥ በዙሪያው ያለውን ነገር መለየት ቻለ። በዚህም ብስክሌት እስከ መንዳት ደረሰ። ሁለት የማስተርስ ዲግሪዎች አግኝቶ በ2000 ዓ.ም. ዓይነ ስውራንን ይህን ጥበብ የሚያስተምር ድርጅት አቋቋመ። በ2011 ዓ.ም. በካናዳ የተደረገ ጥናትም በዚህ መንገድ የሠለጠኑ ዓይነ ስውራን የሚመለሰውን ድምፅ ሲያዳምጡ፥ የአንጎላቸው የማየት ክፍል እንደሚሠራ አሳየ።

በአገራችንም ለዚህ የሚሆን ሥር አለ። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ዓይነ ስውራን መምህራን ድጓውንና ቅኔውን በቃላቸው ይዘው ትውልድ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ የማያይ ሰው ለዕውቀት አይሆንም የሚል አሳብ ለእኛ ባዕድ ነው። በብሬል ጽሕፈት ተምረው ዩኒቨርሲቲ የገቡና የሕግ ዐዋቂ የሆኑም አሉ። እንግዲህ የጎደለን ምሳሌ ሳይሆን፥ ለእያንዳንዱ ልጅ ያንን መንገድ የሚከፍትለት ቤተሰብና ትምህርት ቤት ነው።

7. ሳይነገር የማይታለፍ ነገር

እስካሁን የተናገርነው የሚያበረታታ ነው። ይሁን እንጂ ጉዳዩን በእውነት ለመመርመር የሚነሣ ሰው የሚከብደውንም ወገን መናገር አለበት።

በዘር ጉዳት የታመመ ልጅ በዓይኑ ያለው ካንሰር ቢድንም፥ በሰውነቱ ሕዋሳት ሁሉ አንዱ ዘበኛ እንደ ጎደለ ይኖራል። ስለዚህ በኋለኛው ዘመን በሌላ ካንሰር፥ በተለይም በአጥንትና በሥጋ ሳርኮማ ወይም በሜላኖማ፥ የመያዙ ዕድል ከሌላው ሰው ይበልጣል። በ2005 ዓ.ም. የታተመና ከ1914 እስከ 1984 ድረስ በአሜሪካ በሽታው የታወቀባቸውን 1,601 የዳኑ ሰዎች የተከታተለ ጥናት፥ የዘር ጉዳት ካለባቸው ከመቶ 36ቱ በ50 ዓመት ውስጥ ሌላ ካንሰር እንደ ያዛቸው፥ የዘር ጉዳት ከሌለባቸው ግን ከመቶ 6 ያህሉን ብቻ እንደ ያዛቸው አሳይቷል። በዚያ ዘመን ብዙዎቹ በጨረር ታክመው ስለ ነበር ጨረሩ አደጋውን አብዝቶታል። ከ1990ዎቹ ወዲህ ሐኪሞች በጨረር ፈንታ ኬሞቴራፒን መምረጥ የጀመሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነገር የልጅ ጉዳይ ነው። የዘር ጉዳት ያለበት ሰው የሚወልደው እያንዳንዱ ልጅ ጉዳቱን የመውረሱ ዕድል ከሁለት አንድ ነው። ሁለቱም ዓይኖቹ የታመሙበት ሰው የዘር ጉዳት እንዳለበት ሊቈጠር ይገባል፤ በአንድ ዓይናቸው ብቻ ከታመሙትም ከመቶ 15 ያህሉ አለባቸው። ይህ ማለት ግን አያግቡ፥ አይውለዱ ማለት አይደለም። ልጁ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዓይን ሐኪም ከታየና ከዚያም በኋላ በየጊዜው ከተመረመረ፥ ዕጢው ቢነሣ እንኳ ገና የሰናፍጭ ቅንጣት ሳለ ይገኛል፤ ያን ጊዜም ሕይወቱን ብቻ ሳይሆን ዓይኑንና እይታውንም ማትረፍ ይቻላል። ሳያውቁ በሚወልዱና ዐውቀው በሚወልዱ ወላጆች መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ነው።

8. ስለ ዝምታ

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን ደርሰናል። ወላጆች ልጃቸው ከዳነ በኋላ ነገሩን ሊረሱት ይፈልጋሉ። «እሾህ ወጋው»፥ «ሲወለድ ጀምሮ እንዲህ ነው» እያሉ ያሳድጉታል። ይህም ከክፋት አይደለም። ልጁ እንዳይፈራ፥ ሰው እንዳይርቀው፥ በተለይም ሴት ልጅ ከሆነች የጋብቻ ዕድሏ እንዳይዘጋ በማሰብ ነው። የካንሰር ስም በቤታችን ሲነሣ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን፤ ሕመሙን በስሙ ባለመጥራት የምናርቀው ይመስለናል።

ነገር ግን ዝምታው ምን እንደሚያስከፍል እንመልከት። በልጅነቱ እሾህ ወጋህ ተብሎ ያደገ ጐልማሳ በጉልበቱ ላይ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ሲሰማው፥ ለሐኪሙ የሚነግረው ታሪክ የለውም፤ ሐኪሙም ምች ወይም ቁርጥማት ነው ብሎ ቢሰደው አይፈረድበትም። አባት በሆነ ጊዜም አራስ ልጁን ለዓይን ሐኪም ለማሳየት ምክንያት አይኖረውም። እናቱ ያየችው ነጭ ብሌን በልጁ ዓይን ላይ ተመልሶ እስኪያበራ ድረስ ማንም አይነግረውም፤ ያን ጊዜም የሚከፍለው ሕፃኑ ነው። ወላጆች ለመጠበቅ ብለው ያኖሩት ምሥጢር በሁለተኛው ትውልድ ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ ለዳነ ልጅ ሊሰጡት የሚገቡትን ነገሮች በአጭሩ እንዘርዝር።

ሀ/ የሕመሙን ስም። በሰባትና በስምንት ዓመቱ «ዓይንህ ታሞ ነበር፤ ሕይወትህን ለማዳን ሐኪሞች አወጡት፤ አሁን ድነሃል» ቢባል ይበቃዋል። እያደገ ሲሄድ የቀረው ይጨመርለታል።

ለ/ የሕክምናውን ወረቀት። የትኛው ዓይን፥ በየትኛው ዓመት፥ በምን መድኃኒት ወይም ጨረር እንደ ታከመ የሚገልጽ ጽሑፍ ከሆስፒታል ተቀብሎ እንደ ክርስትና ስም ወይም እንደ ርስት ሰነድ በቤት መጠበቅ አለበት፤ የሆስፒታል መዝገብ ሊጠፋ ይችላልና።

ሐ/ የሚጠረጠረውን ምልክት። የማይለቅ የአጥንት ሕመም፥ የሚያድግ እብጠት፥ መልኩን የሚለውጥ ጥቁር ነጥብ ሲያይ ሳይዘገይ ታሪኩን ተናግሮ መታየት ነው። ትምባሆን መራቅና አስፈላጊ ካልሆነ ጨረር መጠበቅም ከዚሁ ይቈጠራል።

መ/ ወንድሞችና እኅቶችም፥ በኋላም የራሱ ልጆች፥ ገና በሕፃንነታቸው እንዲመረመሩ ማድረግ።

ሠ/ ስለ ጋብቻ ሲያስብ ለሚያጨው ወይም ለምታጨው እውነቱን ለመናገር የሚያስችል ድፍረት። ይህን ድፍረት በሃያ አምስት ዓመቱ በድንገት ሊያገኘው አይችልም፤ በቤቱ ነገሩ ያለ ኀፍረት ሲነገር እየሰማ ካደገ ግን አብሮት ያድጋል።

እነዚህ አምስት ነገሮች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። የዘር ምርመራ የሚሠራ ላቦራቶሪ በሌለበት ወረዳ እንኳ ታሪክን ዐውቆ ሕፃንን በጊዜ ወደ ዓይን ሐኪም መውሰድ ይቻላል።

አንዳንዶች «ለልጅ ይህን መንገር ፍርሃትን በልቡ መትከል ነው» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ፍርሃት የሚያድገው ባልተነገረው ነገር ውስጥ ነው እንላለን። ልጅ ሰው ሲያየው ዓይኑን የሚሸፍነው፥ እናቱ ስለ ዓይኑ ሲጠየቁ ፊታቸውን ሲያዞሩ አይቶ ነው። ስለ ራሱ የሚያውቅ ሰው ግን በምን ነገር መጠንቀቅ፥ በምን ነገር ያለ ስጋት መኖር እንዳለበት ይለያል። ሙሉ ሕይወት የምንለውም ይኸው ነው።

9. መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው ሬቲኖብላስቶማ በጊዜ ከተደረሰበት ከሚድኑት የሕፃናት ካንሰሮች አንዱ ነው፤ የዳኑትም ልጆች ተምረው፥ ሠርተውና ወልደው መኖር ይችላሉ። ለዚህም ሦስት ወገኖች ኀላፊነት አለባቸው። ወላጅ ነጭ ብሌን ሲያይ ሳይዘገይ ልጁን ወደ ዓይን ሐኪም ይውሰድ፤ ከዳነም በኋላ ታሪኩን አይደብቅበት። ጠበል ቢወስደውም የሐኪሙን ቀጠሮ አያሳልፍበት፤ ሁለቱ አይጣሉምና። አስተማሪ በክፍሉ ያለውን አንድ ዓይን ያለው ልጅ በሚያይበት በኩል ያስቀምጠው፤ በስድብ ስም እንዳይጠራም ይጠብቀው። የተማርነውም ወጣቶች በየአገራችን ስንመለስ፥ በበዓልም ሆነ በለቅሶ ቤት፥ ያነበብነውን ለእናቶች ብንነግራቸው የአንድ ሕፃን ዓይን በጊዜ ሊታይ ይችላል። ይህን ለማድረግ ዲግሪ እስክንቀበል መጠበቅ አያሻንም።